የምኒልክን ብር ደረጃ ራሳችሁ እንዴት ትገምታላችሁ?

ልጅ ሳለሁ የአያቴን ጠገራ ብር በጥርስ ሳሙና ፈትጌዋለሁ። ጥቁር ነበር። ግማሽ ሰዓት ታገልኩትና ነጭ አደረግኩት። «አበራሁልሽ!» ብዬ እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። እሷም ደስ ብሏት መረቀችኝ። ከብዙ ዓመት በኋላ ብሩ እኔ ጋ መጣ። ሳንቲም የሚሰበስብ አንድ ወዳጄ በአጉሊ መነጽር አየውና «ይሄን ማን ነው የፈተገው?» አለኝ። ዝም አልኩ። የምኒልክ ብር ነበር፣ ደህና ፊት ያለው። በዚያች ግማሽ ሰዓት ዋጋው ከግማሽ በታች ወርዷል።

ስለዚህ ከሁሉም በፊት፦ አትንኩት። ሎሚ፣ አመድ፣ ሶዳ፣ ጥርስ ሳሙና፣ የብር ማጽጃ ጨርቅ፣ አንዱም አይነካው። ጥቁረቱ ቆሻሻ አይደለም። ብሩ አየር ውስጥ ካለው ድኝ ጋር ተገናኝቶ የለበሰው ስስ ሽፋን ነው። ሰብሳቢ ይሄን ሽፋን ይወደዋል። የፈተጋችሁትን ብር ግን ማንም ባለሙያ መልሶ ሊያድነው አይችልም።

ከዚህ በታች የምጽፈው አንድ የብር ሳንቲም እጃችሁ ሲገባ በምን ቅደም ተከተል እንደምታዩት፣ ደረጃውን እንዴት እንደምትገምቱና ውጭ አገር ላሉት ደረጃ ሰጪዎች መላክ መቼ እንደሚያዋጣ ነው። ምሳሌዬ የዳግማዊ ምኒልክ አንድ ብር ነው። ለአላዱም (ለግማሽ ብሩ) ለሩቡም አካሄዱ ያው ነው።

የሚያስፈልጋችሁ ዕቃ

10 እጥፍ የሚያጎላ መነጽር (ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት)። እስከ ግራም መቶኛ የሚያነብ ትንሽ ሚዛን። አንድ አምፖል ብቻ ያለው የጠረጴዛ መብራት። ቀጭን ክር፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ለስላሳ ፎጣ። ፎጣው ጠረጴዛው ላይ ይነጠፋል። ብሩ ከእጃችሁ ቢያመልጥ ሴራሚክ ላይ ወድቆ ጠርዙ እንዳይሰረጎድ ነው። ብሩን ሁልጊዜ በጠርዙ ያዙት። አውራ ጣታችሁ የንጉሡ ጉንጭ ላይ ካረፈ ላቡ አሻራችሁን እዚያው ይተወዋል፤ አሻራው ደግሞ እያደር ይጠቁራል።

መጀመሪያ፦ ምን እንደያዛችሁ እወቁ

እኛ አገር «ጠገራ» ሲባል ሁለት የተለያዩ ሳንቲሞች ይደባለቃሉ። አንደኛው የኦስትሪያዋ ማርያ ቴሬዛ ብር፣ ማርትሬዛ የምንለው ነው። ሁለተኛው የምኒልክ ነው።

ማርትሬዛ ላይ ሁልጊዜ 1780 ተጽፏል። ይሄ ግን በዚያ ዓመት ተሠራ ማለት አይደለም። ንግሥቲቱ የሞተችው በ1780 ነው። ነጋዴው ሌላ ዓመት የተጻፈበትን አልቀበል ስላለ ያንኑ ዓመት እየጻፉ መምታቱ ቀጠለ። ቪየና፣ ሮም፣ ለንደን፣ ቦምቤይ፣ በርሚንግሃም ሁሉ መትተውታል። ሮም የገባችበት በፈረንጆቹ 1935 ሲሆን፣ ጣሊያን እኛን ለመውረር ስትዘጋጅ ገንዘቡ አስፈልጓት ነው። የቪየናው መሥሪያ ቤት ዛሬም ይመታል። ስለዚህ «ቤታችን የ1780 ብር አለ» የሚል ሰው ሲያጋጥማችሁ ደስታውን አታበላሹበት። ብቻ ለመግዛት አትቸኩሉ። አብዛኛው የብሩን ክብደት ያህል ነው የሚያወጣው።

የምኒልክ ብር ግን ሌላ ነገር ነው። በፓሪስ መሥሪያ ቤት የተመታ ነው። በአንድ በኩል ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት አሉ፤ በሌላው በኩል ዘውድ የደፋና በእግሩ ሰንደቅ የያዘ አንበሳ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው። ፲፰፻፹፯ 1887 ነው፣ ፲፰፻፹፱ 1889፣ ፲፰፻፺፪ 1892፣ ፲፰፻፺፭ ደግሞ 1895። ሁሉም በእኛ አቆጣጠር ነው። የውጭ አገር ሻጭ 1887ን እንደ ፈረንጅ ዓመት አንብቦ ሲጽፍ ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ። በፈረንጆቹ 1894/95 መሆኑ ነው።

አንበሳውንም እዩት። በ1887 እና በ1889 የተነሣው የአንበሳው የግራ የፊት እግር ነው። በ1892 እና በ1895 የቀኙ ነው። ዓመቱና እግሩ ካልተስማሙ ብሩን መልሱለት። «የ1889 ነው» ከተባላችሁ ደግሞ የመጨረሻዋን ፊደል በመነጽር መርምሯት። ፯ እና ፱ ብዙ አይራራቁም። የሆነ ሰው በመርፌ ጫፍ ሊያቀራርባቸው ይችላል።

ክብደትና ውሃ

የምኒልክ ብር ሲመታ 28.075 ግራም ነበር። ከሺህ 835 እጁ ንጹሕ ብር፣ ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር። ማርትሬዛም 28.07 ግራም አካባቢ ነው፣ ንጹሕ ብሩ ከሺህ 833። ስለዚህ ሚዛን ብቻውን ሁለቱን አይለይም፤ ፎርጅዱን ግን ይለይላችኋል። ሲገበያዩበት የኖረ ብር ትንሽ ይቀልላል። 27.6 ቢመዝን አትደንግጡ። 24 ቢመዝን ግን ንግግሩ እዚያው ይብቃ።

ቀጥሎ ያለችው ሙከራ ወጪ የላትም። ብርጭቆውን ከነውሃው ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ብሩን በቀጭን ክር እሰሩና ውሃው ውስጥ ሙሉ በሙሉ አጥልቁት። የብርጭቆውን ታችና ጎን እንዳይነካ፣ ክሩንም በእጃችሁ ያዙት። ሚዛኑ አንድ ቁጥር ያሳያል። የብሩን ክብደት ለዚያ ቁጥር አካፍሉ። የእኔ 27.6 መዘነ፣ ውሃው ውስጥ 2.71 አሳየ። ሲካፈል 10.18። የዚህ ዓይነት ብር 10.2 አካባቢ ነው መምጣት ያለበት። 8.9 ወይም 8.5 ከመጣ የያዛችሁት የመዳብ ወይም የነሐስ ድብልቅ ነው። ብሩ ተበልቶ ቢቀልል እንኳ ይሄ ቁጥር አይለወጥም፤ ለዚያ ነው የምወዳት። ክሩን ስትፈቱ ብሩን አትሹት፤ ፎጣው ላይ አስቀምጡትና ራሱ ይድረቅ።

ከእውነተኛ ብር የተሠራ ፎርጅድ ይሄን ፈተና ያልፋል። ስለዚህ ጠርዙንም እዩ። የምኒልክ ብር ጠርዝ ላይ የግዕዝ ጽሑፍ አለ። ጽሑፉ ከሌለ፣ ወይም ዙሪያውን የሚሄድ የመገጣጠሚያ መስመር ካለ፣ ወይም ወለሉ (ሥዕልና ጽሑፍ የሌለበት ሜዳው) ላይ እንደ አረፋ የፈነዱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ከታዩ፣ ብሩ በሻጋታ የፈሰሰ ነው።

መብራቱን አብሩና አዙሩት

የክፍሉን መብራት አጥፉ፣ መጋረጃ ዝጉ። የጠረጴዛው መብራት ብቻ ይብራ። ብሩን ከመብራቱ ሥር በጠርዙ ይዛችሁ ቀስ እያላችሁ አዘንብሉት፣ አዙሩት። አሮጌ ቆዳውን ያላጣ ብር ላይ ብርሃኑ እንደ ጋሪ ጎማ ዘንግ ከመሃል ወደ ዳር ተዘርግቶ አብሮ ይዞራል። ይሄ ብልጭታ ሲመታ የተፈጠረ ነው፤ ብረቱ በማኅተሙ ተጨፍልቆ ወደ ዳር ሲሸሽ የተወው ጥቃቅን መስመር ነው። በማጽጃ አይመጣም። አንዴ ከሄደ ሄደ።

የተፈተገ ብርስ? ያበራል፣ ግን ብርሃኑ አይዞርም። ባለበት ቆሞ እንደ ማንኪያ ያብለጨልጫል። በመነጽር ስታዩት ደግሞ ወለሉ ላይ ፀጉር የመሰሉ ብዙ ጭረቶች ወደ አንድ አቅጣጫ ተሰልፈው ታገኛላችሁ። ሲገበያዩበት የመጣ ጭረት እንደዚያ አይሰለፍም፤ አንዱ ወዲህ፣ ሌላው ወዲያ ነው። የእኔዋን ብር ያሳጣት ይሄ ነው። ከዘውዱ እስከ አንገቱ የጥርስ ብሩሹ መንገድ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ጥቁረቱንም አንብቡት። በራሱ ጊዜ የጠቆረ ብር ቀለሙ ቀስ ብሎ ነው የሚሸጋገረው፤ ፊደላቱ ሥርና እጥፋቶቹ ውስጥ ይጠቁራል፣ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ይሳሳል። ሐምራዊና ሰማያዊው ድንገት ጀምሮ ድንገት የሚያልቅ፣ ጭረቶቹን ሁሉ ሳይቀር የሸፈነ ከሆነ አንድ ሰው አብስሎታል።

ከፍ ያሉትን ቦታዎች መመርመር

የደረጃ ነገር ያለው እዚህ ላይ ነውና አትቸኩሉ። ሳንቲም በኪስ፣ በከረጢት፣ በእጅ ሲሻሽ መጀመሪያ የሚበላው ከፍ ብሎ የወጣው ነው። በንጉሡ በኩል ጉንጩን፣ ከጆሮው በላይ ያለውን ፀጉር፣ ጢሙንና የዘውዱን ጌጥ እዩ። በአንበሳው በኩል ትከሻው ላይ ያለውን ጋማና ዳሌውን።

እኔ የምጀምረው ከአንበሳው ነው። ንጉሡ ያዘናጋሉ፤ ፊታቸው ግርማ ስላለው ተበልቶም ያምራል። አንበሳው አይዋሽም። የጋማው ክሮች አንድ በአንድ የሚቆጠሩ ከሆኑና ዳሌው ላይ ብቻ ትንሽ ልስላሴ ካለ ከፍተኛ ደረጃ ውስጥ ናችሁ። ትከሻው ላይ ያሉት ክሮች መጋጠም ከጀመሩ መካከለኛ ነው። ጋማው አንድ ወጥ ጉብታ ሆኖ ክሩ ከጠፋ ዝቅ ብሏል። አንበሳው እንደ ጥላ ቅርጹ ብቻ ቀርቶ ዘውዱ ከግንባሩ ካልተለየ ያ ብር ብዙ ገበያ ውሏል።

እዚህ ላይ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳትበት ነገር አለ። ደብዛዛ ሁሉ የተበላ አይደለም። አንዳንዱ ከመጀመሪያውኑ በደንብ ሳይመታ የወጣ ነው። መለየቱ በብርሃን ነው። የደበዘዘው ቦታ ላይ ያ የሚዞር ብልጭታ ካለ ማኅተሙ አልደረሰበትም ማለት ነው፤ አልተበላም። ብልጭታው እዚያ ቦታ ላይ ሲደርስ ተቆርጦ ግራጫ ከሆነ ግን ተበልቷል። አንዷን የ1892 ብር ከመብራት ሥር ሃያ ጊዜ አዙሬያታለሁ። ዳሌዋ ላይ ብርሃኑ ሲደርስ ለአንዲት ቅጽበት ይጠፋና ወዲያ ማዶ ይቀጥላል። ያቺ ግራጫ ነጥብ ከምስር ፍሬ አትበልጥም። ብሩን ካልተነካ ደረጃ ያወረደችው እሷ ናት።

የእኛ አገር ጉዳቶች

ጠገራ እኛ ጋ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። አንገት ላይ ተንጠልጥሏል፣ ቀልጦ መስቀልና አምባር ሆኗል። ስለዚህ እዚህ አገር የተገኘ ብር ስትመረምሩ 12 ሰዓት ላይ፣ ማለትም ከዘውዱ በላይ ያለውን ጠርዝ በጣት ጥፍር ዳስሱት። ማንጠልጠያ ተበይዶበት የነበረ ብር እዚያ ጋ ለስለስ ይላል፣ ወይም ትንሽ ጉብታ አለው፣ ወይም የቀለሙ ነገር ከሌላው ጠርዝ ይለያል። የጠርዙ ጽሑፍም እዚያ ቦታ ላይ ይቋረጣል። ተበስቶ እንደገና የተደፈነም አለ። ድፍኑን በአንድ በኩል ብቻ ስታዩ ሊያመልጣችሁ ይችላል፤ ሁለቱንም ፊት አንድ ቦታ ላይ አስተያዩ።

ሌላው ጠርዙ ላይ ያለ የሙከራ ቁርጥ ነው። ውስጡ መዳብ ይሆን ብሎ የተጠራጠረ ሰው በፋይል የፋቀው ነው። እነዚህ ሁሉ ብሩን ሐሰተኛ አያደርጉትም። ደረጃውን ግን ይወስዱበታል።

አሁን ቁጥር ስጡት

ዓለም የሚጠቀመው ከ1 እስከ 70 የሚሄድ መለኪያ ነው። ዊሊያም ሼልደን የተባለ አሜሪካዊ በፈረንጆቹ 1949 ለጥንት የመዳብ ሳንቲሞች ያወጣው ነው። መጀመሪያ ላይ ቁጥሩ ዋጋንም ያሳያል ተብሎ ነበር፤ 70 ያገኘው 1 ካገኘው 70 እጥፍ ያወጣል እንደማለት። የዋጋው ነገር ቀረ፣ ቁጥሩ ግን ኖረ።

ለእኛ ብር በግርድፉ ስናስቀምጠው፦ 4 ማለት ቅርጹ ብቻ የቀረ። 8 ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ የሚነበብ፣ ጌጡ ግን የጠፋ። 12 እና 15 ጋማው ጉብታ የሆነበት። ከ20 እስከ 35 ቪኤፍ ይባላል፣ ግማሽ ያህሉ ክር ያለ። 40 እና 45 ኢኤፍ ነው፣ ከፍ ያሉት ቦታዎች ብቻ የለሰለሱ። ከ50 እስከ 58 ኤዩ፣ ያቺን የምስር ፍሬ ግራጫ ነጥብ የመሰለ ብቻ ያለበት። ከ60 በላይ ያለው ኤምኤስ ነው፣ ፈጽሞ ያልተበላ። በ60 እና በ65 መካከል ያለው ልዩነት የመበላት ጉዳይ አይደለም። ከተመታ በኋላ ከረጢት ውስጥ ከሌሎች ብሮች ጋር ተጋጭቶ ያገኘው ጠባሳ ብዛትና ቦታ፣ የብልጭታው ጥንካሬም ነው። አንድ ጠባሳ ጉንጩ ላይ ሲሆንና ጢሙ ውስጥ ሲሆን እኩል አይቆጠርም።

ቁጥሩን ስትሰጡ የደካማውን ፊት ያዙ። እንደምትሸጡት ሳይሆን እንደምትገዙት እዩት። ሻጭ ስንሆን ሁላችንም ዓይናችን ይፈዛል።

መላክ ያዋጣል?

በሰብሳቢው ዘንድ ስማቸው የሚጠራው ሁለቱ የአሜሪካ ደረጃ ሰጪ ድርጅቶች ናቸው፤ በፈረንጆቹ ፒሲጂኤስ በ1986፣ ኤንጂሲ በ1987 ሥራ ጀመሩ። ብሩን ከአንድ በላይ ባለሙያ ያየዋል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ በማይከፈት ጠንካራ ፕላስቲክ ይታሸጋል። የተፈተገ ወይም ብየዳ ያለበት ከሆነ ግን ቁጥሩን ይከለክሉትና «ዲቴይልስ» ብለው ችግሩን ይጽፉበታል። ያኔ ገበያው ላይ ፊቱ ይጠቁራል።

አካሄዱ ቀላል ነው። አባል ትሆናላችሁ፣ ወይም ፈቃድ ባለው ነጋዴ በኩል ትሄዳላችሁ። ፎርም ትሞላላችሁ፣ የብሩን ግምት ታስገባላችሁ፣ በግምቱ መጠን የአገልግሎት ዓይነት ትመርጣላችሁ። ወጪው በአሥር የሚቆጠር ዶላር ነው፤ መላኪያና ኢንሹራንስ ደግሞ ሌላ። ስለዚህ ሒሳቡን በወረቀት ሥሩ። ተራ ማርትሬዛ አትላኩ፣ ክፍያው ከብሩ ይበልጣል። የተፈተገውን አትላኩ። 1892 ሆኖ 12 የሚመስላችሁንም ቤት አስቀምጡት። ኢኤፍና ከዚያ በላይ የሚመስል፣ ችግር የሌለበት የምኒልክ ብር ካላችሁ፣ በተለይ የ1887ኙን፣ ላኩት።

አዲስ አበባ ሆናችሁ ለመላክ ካሰባችሁ አንድ ነገር ቀድሞ ይመጣል። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር ማስወጣት በአዋጅ ቁጥር 209/1992 የተከለከለ ነው። የእናንተ ብር ፈቃድ ያስፈልገው እንደሆነ የቅርስ ባለሥልጣንን ጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ያዙ። «ዘመዴ በሻንጣው ይወስድልኛል» የሚለው ነገር ዘመድን ቦሌ ላይ ያስጨንቃል። ዋሽንግተን ወይም ፍራንክፈርት ላላችሁ፣ ብሩም እዚያው ያለ ከሆነ ይሄ ጭንቀት የለባችሁም።

ስታሽጉ ብሩ ፖስታው ውስጥ እንዳይንከባለል አድርጉ። ለስላሳውን የላስቲክ ኪስ አትጠቀሙ፤ ቆይቶ አረንጓዴና የሚያጣብቅ ነገር ይተፋበታል። ከማይላር የተሠራውን ጠንከር ያለ ኪስ ፈልጉ። አረንጓዴው አስቀድሞ ይዞት ከሆነ ንጹሕ አሴቶን ውስጥ ነክሮ ማውጣት ይቻላል፤ መስኮት ከፍታችሁ፣ እሳት ርቆ፣ ሳትፈትጉ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ሽቶና ቀለም ስላለበት አይሆንም።

ታሽጎ የመጣ ብር ከሌላ ሰው ስትገዙም ፕላስቲኩን ብቻ አትመኑ፣ እሱም ይፎረጃል። መለያ ቁጥሩን በድርጅቱ ድረ ገጽ አስገቡና ፎቶ ካለ ከያዛችሁት ብር ጋር ጭረት በጭረት አስተያዩ።

ከመላካችሁ በፊት ግምታችሁን ቀን ጽፋችሁ ማስታወሻ ላይ አስቀምጡ። ለምን ያን ቁጥር እንደሰጣችሁም ጨምሩበት። እኔ የመጀመሪያዬ ላይ «ኢኤፍ 45፣ ጢሙ ሙሉ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። ቪኤፍ 35 ሆኖ ተመለሰ። ተናድጄ መብራቱን አበራሁና ገለበጥኩት። ንጉሡን ሳይ ነበር ለካ። የአንበሳው ዳሌ ልጥ ብሏል።